የአባት ስም ፍለጋ፤ ከጳውሎስ እስከ ፑሊያ

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ አበው። እኔ ልጅ ሆኜ የማውቀው ግን የተገላቢጦሹን ነው፤ ዘራችንን የምንስበው እኛው ነበርን። እናቴ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ እጄን ይዛ ከጳውሎስ ሰፈራችን ተነስታ ጉለሌ ወደሚገኘው የውጭ አገር ሰዎች መቃብር ትወስደኝ ነበር። «ዘመድ ልንጠይቅ ነው» ትለኛለች። እዚያ ስንደርስ ግን አበባ አናኖርም፤ ሻማም አናበራም። እሷ ከመስቀል ወደ መስቀል እየተዘዋወረች በድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ስሞች አንድ በአንድ ታነባለች። አንብባ ስትጨርስ «የለም» ትልና ወደ ቤታችን እንመለሳለን። እናቴ የላቲን ፊደል የለየችው በትምህርት ቤት ሳይሆን በዚያ የመቃብር ድንጋይ ላይ መሆኑን የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

የምትፈልገው አባቷን ነበር። እናቴ የተወለደችው በሐምሌ ወር 1932 ዓ.ም. እዚሁ ጉለሌ ነው። አያቴ የሱሉልታ ሰው ስትሆን ለጣሊያን ሠራተኞች ልብስ እያጠበች ትተዳደር ነበር። የልጇ አባት ደግሞ ኢጣሊያዊ ግንበኛ ነው። ከእሱ የቀረን አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ኮፍያውን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ቀጭን ወጣት አንድ እግሩን የጭነት መኪና መርገጫ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። በፎቶግራፉ ጀርባ ስሙና የተወለደበት ከተማ በእርሳስ ተጽፏል። አያቴ ስሙን የምትጠራው በራሷ አጠራር ስለነበር ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ሰውየው ከነስሙ ጠፍቶብን ይቀር ነበር።

የእኛ ቤት ታሪክ የእኛ ብቻ አይደለም። በዚህች ከተማ በብዙ ቤት ውስጥ በሣጥን የተቆለፈ ተመሳሳይ ፎቶግራፍ አለ። ስለዚህም ነገሩን ከመሠረቱ ማየት ይበጃል።

ኢጣሊያውያን ከኢትዮጵያውያት መውለድ የጀመሩት በፋሽስት ዘመን አይደለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል የተመታው ጦር በርካታ ምርኮኛ ጥሎ ሄዷል። በ1889 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የአዲስ አበባ ውል ሲፈረም ምርኮኞቹ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት መንገድ ተከፈተ። ያም ሆኖ ከአድዋ በኋላ በነበሩት ዓመታት በምኒልክ ከተማ የሚሠሩ ኢጣሊያውያን አልጠፉም። ከአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግንባታ ጋር ስሙ የሚነሳው መሐንዲስ ሴባስቲያኖ ካስታኛ አንዱ ነው። በዚያ ዘመን ኢጣሊያዊ ከኢትዮጵያዊት ቢወልድ ልጁን በስሙ እንዳይጠራ የሚከለክል ሕግ አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ ሲገባ የመጣው ጣሊያን ግን ሌላ ነበር። ከወታደሩ ጀርባ ሾፌሩ፣ ግንበኛው፣ መንገድ ቀያሹ በገፍ ተከተለ። ብዙዎቹ በአገራቸው ሥራ ያጡ ድሆች ነበሩ። መንግሥታቸው ደግሞ እነዚህ ድሆች በመጡበት አገር ጌቶች ሆነው እንዲታዩ ይፈልግ ነበር። አርክቴክቶቹ ጉይዲ እና ቫሌ የነደፉት የከተማ ፕላን ነጩን ከጥቁሩ የሚለይ ነበር። ገበያው ከአራዳ ተነስቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ተገፋ። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት ምሕጻረ ስም ደግሞ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረልን። ሰፈር መለየት ግን ሰው ከመለየት ይቀላል። ልብስ የምታጥበው፣ ምግብ የምታበስለው፣ ሲታመም የምታስታምመው ከወዲያኛው ሰፈር የምትመጣ ሴት ናትና።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ለሦስት ቀናት አዲስ አበባ በደም ታጠበች። የአያቴ ታላቅ ወንድም በነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ይህ ከሆነ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. ሮም ላይ ሌላ ነገር ተፈረመ። የኢጣሊያ ዜጋ የሆነ ሰው ከቅኝ ተገዥ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ የሚያዝ ድንጋጌ ነው።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ሕጉ የሚቀጣው ዝሙትን አልነበረም። ለአንድ ሌሊት ከፍሎ የሚሄድ ሰው በዚህ ሕግ አይያዝም። የሚያዘው አብሮ የኖረ፣ ከአንድ ማዕድ የበላ ነው። በዚያ ዘመን የተሰጡ ፍርዶችን ያጠኑ ምሁራን እንደጻፉት ዳኞቹ በምርመራ የሚፈልጉት የፍቅርን ምልክት ነበር። አዝኖላታል ወይ? ስትታመም ሐኪም ጠርቶላታል ወይ? መልሱ «አዎን» ከሆነ ወንጀሉ ተረጋገጠ ማለት ነው።

አያቴና ግንበኛው የተገናኙት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ወንድሟን ከበሉባት ወገኖች አንዱ የልጇ አባት ሆነ። ፍቅር ነበር ወይስ ችግር? አያቴን ይህን የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እናቴ አጥብቃ ስትይዛት፣ «ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር» ብላ ዝም ማለቷን እናቴ ትተርክልኝ ነበር። ሕጉን ሳነብ ይህች ቃል ተገለጠችልኝ። ፈሪ ቢሆን አይፈረድበትም፤ አምስት ዓመት እስር አለበት።

ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ዋናው ሕግ መጣ። ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ ስለ ክልስ ልጆች ነው። ኢጣሊያዊ አባት ከተገዥ የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ በሕግ መቀበል አይችልም። ልጁ በአባቱ ስም መጠራት አይችልም። ማሳደጊያውና ማስተማሪያው የአገሬው ተወላጅ የሆነው ወላጅ ዕዳ ነው። ልጁም የዚያኑ ወላጅ የዜግነት ወገን ይይዛል። እናቴ የተወለደችው ይህ ሕግ በወጣ በሁለተኛው ወር ነው። ገና ሳትወለድ የአባት ስም ተከልክላለች።

እዚህ ላይ የሚገርመኝን አንድ ነገር ላንሳ። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት፣ በ1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው፣ በአገር ውስጥም ይወለድ በውጭ አገር፣ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። ሁለቱም የእናቴን ዓይነት ልጅ ወደ እናቷ ወገን ይሰጧታል። በኢጣሊያው ሕግ ግን የእናት ወገን መሆን ቅጣት ነው፤ «ከእኛ አይደለሽም» ማለት ነው። በኢትዮጵያው ሕግ የእናት ወገን መሆን መብት ነው፤ «የእኛ ነሽ» ማለት ነው። እናቴ አብዛኛውን ዕድሜዋን የኖረችው በሁለተኛው ሕግ ሥር ቢሆንም የመጀመሪያው ሕግ ጠባሳ ግን ከልቧ አልጠፋም።

መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በእንግሊዞች እጅ ስትገባ ግንበኛው ተማረከ። እናቴ ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ከዚያ ወዲህ አያቴ አላየችውም። ከወር በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን ወደ ዋና ከተማቸው ሲመለሱ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አደራ አሉ። ይህ ቃል ትልቅ ቃል ነው፤ ጉለሌ ድረስም ተሰምቷል። ጎረቤቱ ሕፃኗን አልነካም። ውላ አድራ ግን ከልጆች አፍ «ሶላቶ!» የሚል ስድብ ይወረወርባት ጀመር። ያን ጊዜ የአያቴ አባት፣ በየካቲት 12 ልጁን ያጣው ሽማግሌ፣ «የአባቷ ስም ማን ነው ቢሏችሁ የእኔን ጥሩ» አለ። እናቴ በቄስ ትምህርት ቤትም፣ በመንግሥት ትምህርት ቤትም፣ በኋላም በቀበሌው መዝገብ የአያቷን ስም አባት አድርጋ ኖረች። ሽማግሌው ሕግ አላነበበም። ሮም የነጠቀችውን ስም ግን በአንድ ቃል ተክቶታል።

ከዚያ በኋላ መንግሥታቱ ሒሳባቸውን ተወራረዱ። በ1947 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል አስገደዳት። ከካሣው በተገኘው ገንዘብ የተሠራው የቆቃ ግድብም በ1952 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። የአክሱም ሐውልት እንኳ ቢዘገይ በ1997 ዓ.ም. ተመልሷል። የቀሩት ኢጣሊያውያን ጋራዥ ከፍተው፣ ቤት ሠርተው ከእኛ ጋር ኖሩ። ካንዴላና ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴና ጎሚስታ የሚሉትን ቃላት ለመካኒኮቻችን አስተምረው፣ ብዙዎቹ ደርግ ንብረት ሲወርስ ሄዱ። የክልሶቹን የአባት ስም ጉዳይ ግን በየትኛውም ውል ውስጥ ያነሳው አልነበረም።

በ2010 ዓ.ም. ለአጭር ሥልጠና ሮም የመሄድ ዕድል ገጠመኝ። ሥልጠናው ሲያልቅ ፎቶግራፉን በኪሴ ይዤ በባቡር ወደ ደቡብ፣ ወደ ፑሊያ ወረድኩ። በመጀመሪያ የሄድኩት ሌቼ ከተማ ወደሚገኘው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ነው። በኢጣሊያ የእያንዳንዱ ምልምል ወታደር መዝገብ ይቀመጣል። ቁመቱ፣ የጸጉሩ ቀለም፣ ሙያው፣ ማንበብና መጻፍ መቻሉ ሳይቀር ተጽፏል። ስሙን ከነትውልድ ዓመቱ ሰጥቼ ጥቂት ጠበቅሁ። አንድ ትልቅ ጥራዝ መጣልኝ።

በእናቴ ቤት ሰባ ዓመት ሙሉ ፎቶግራፍ ብቻ የነበረው ሰው እዚያ ገጽ ላይ ሰው ሆነ። ጸጉሩ ቡናማ፤ ሙያው ግንበኛ፤ ማንበብና መጻፍ ይችላል። በ1936 እ.ኤ.አ. ከኔፕልስ ተሳፍሮ ምጽዋ ወርዷል። በ1941 ተማርኮ ኬንያ ታስሯል። በ1946 አገሩ ገብቷል። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ዓመቶቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልስ ሳለሁ አያቴ «ፈሪ ነበር» ያለችው ሰው ያን ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ እንደነበር ተረዳሁ።

በማግሥቱ በወይራ ዛፍ ወደተከበበችው ትንሽ ከተማው ሄድኩ። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ የልደት መዝገቡን ገለጠችልኝ። በኢጣሊያ የልደት መዝገብ ሰፊ ህዳግ አለው። ሰውየው ሲያገባና ሲሞት እዚያው ህዳግ ላይ በየጊዜው ይጨመርለታል። የአያቴም ልጅ አባት ህዳግ ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል። በ1948 አግብቷል። በ1979 ሞቷል። ሌላ ምንም የለም።

እኔና እናቴ ጉለሌ መቃብር ውስጥ ስሙን ስናስስ በነበረበት ጊዜ ሰውየው በሕይወት ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። ምክንያቱም እዚያ እስክደርስ ድረስ ለእናቴ የማቀርበው መልስ በልቤ ተዘጋጅቶ ነበር፤ «ሕጉ ከለከለው» ልላት ነበር። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የዘር ሕጎቹ በ1947 እ.ኤ.አ. ተሽረዋል። እሱ ያገባው ሕጉ በተሻረ ማግሥት ነው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሯል። መጻፍ እንደሚችል መዝገቡ መስክሯል። የአንድ ቴምብር ዋጋ አላጣም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ዝምታ ፋሽስቶች ይጠየቁበት፤ የኋለኛውን ሠላሳ ዓመት ግን ራሱ ይጠየቅበታል። ታሪክ ስንጽፍ ሁሉን በመንግሥት ላይ መጫን ይቀናናል። ሰው የሚባል ነገር በመካከሉ ይጠፋል።

ጸሐፊዋ በከተማው ያለች ሴት ልጁን ቤት አሳየችኝ፤ ሰባ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ ደርባባ ሴት ናት። የእናቴን ግንባርና ቅንድብ ሳይ ደነገጥሁ። እሷም ፎቶግራፉን አይታ ደነገጠች። ወንድ ልጇ በትህትና፣ ግን ዓይኔን እያየ፣ የመጣሁት ስለ ውርስ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልተቀየምኩትም፤ የማያውቁት ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ «ዘመድ ነኝ» ሲል እኛስ ምን እንላለን? ስለ ውርስ እንዳልሆነ ነገርኩት። ሴትየዋ አባቷ ስለ አፍሪካ ምንም አልተናገረም አለች። ከዚያ ጥቂት አሰብ አደረገችና «እናንተ ዘንድ ‹ቆይ› የሚባል ቃል አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጆች ሳለን ስንጣደፍ «ቆይ፣ ቆይ» ይለን ነበር፤ እኛ የቤታችን ቃል ብቻ ይመስለን ነበር አለች።

እዚያ አገር ስለዚህ ዝምታ የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ በኋላ ተረዳሁ። ዕድሜውን ሙሉ የአገሩን የቅኝ ግዛት ወንጀል ሲጽፍ የኖረው አንጄሎ ዴል ቦካ ብዙ ተሰድቧል። የመርዝ ጋዙን ነገር የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደችውና በልጅነቷ ወደ ኢጣሊያ የሄደችው ክልሷ ደራሲ ጋብርኤላ ገርማንዲም በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ልቦለድ የወረራውን ዘመን በኢትዮጵያውያን አፍ ለኢጣሊያውያን ተርካለች። በሌላ በኩል ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ በምትባል ከተማ ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ሕንፃ ተመርቋል። አገሪቱ ሁለት ልብ ናት።

ወደ ጳውሎስ ስመለስ እናቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ያየሁትን ሁሉ፣ ዓመቶቹንም ጭምር፣ አንድ ሳልደብቅ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፦

«ታዲያ እዚህ መቃብር የለም ማለት ነው?» አለች።

«የለም እማዬ።»

«ይብላኝለት ልጄ። እኔን እንኳ ያሳደገኝ አላጣሁም፤ ሀገር አሳድጎኛል። እሱ ግን ልጁን ሳያውቅ ሞተ።»

ስለ «ቆይ» ስነግራት ግን ሳቀች። እህቷን በስልክ አገናኘኋቸው። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። እኔ በመካከል ተቀምጬ ስተረጉም ሁለቱም እኩል ያለቅሱና እኩል ይስቁ ነበር። እናቴ በ2013 ዓ.ም. ስታርፍ ከፑሊያ የሐዘን ደብዳቤ መጥቶልናል።

ዛሬ ልጆቼና ጓደኞቻቸው የሚጠይቁኝ ሌላ ነገር ነው። «አባዬ፣ ለምን ፓስፖርቱን አትወስድም?» ይሉኛል። ወጣት ናቸውና አልፈርድባቸውም። የኢጣሊያ የ1992ቱ የዜግነት ሕግ ዜግነት በዘር ሐረግ ይተላለፋል ይላል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ በውጭ አገር ለተወለዱት መስመሩን በወላጅና በአያት ላይ ገድቦታል። ስለዚህ ልጆቼ ከመስመሩ ውጭ ናቸው። እኔም ብሆን በመጀመሪያ ሰውየው የእናቴ አባት መሆኑን ፍርድ ቤት ማስረዳት አለብኝ። በእኛም በኩል አዋጅ ቁጥር 378/1996 ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ የሌላውን የወሰደ የራሱን ይለቃል። አያቴም እናቴም በእናት ወገን ኢትዮጵያዊ ሆነው የቆዩበትን መብት ለመልቀቅ ፊርማዬን ማኖር አልቻልኩም። ሌላው የእኔን ውሳኔ ይከተል አልልም፤ የእያንዳንዱ ቤት ችግር የየራሱ ነው።

የእናቴን አባት ስም ግን አልጣልኩትም። አንድ ቀን ሁሉንም ከመዝገቡ ላይ ገልብጬ በቤታችን መጽሐፍ ቅዱስ ባዶ ገጽ ላይ ጻፍኩት፤ የተወለደበትን፣ የተማረከበትን፣ የሞተበትን። እማዘጋጃ ቤታቸው ህዳግ ላይ ያልተጻፈውንም ጨመርኩበት፦ «በሐምሌ 1932 ዓ.ም. ጉለሌ ላይ አንዲት ሴት ልጅ ወለደ።» ከሥሩ ደግሞ ልጅቷን በስሙ ያስጠራውን፣ ያሳደጋትንና የዳራትን የሱሉልታ ሽማግሌ ስም ጻፍኩ። ልጆቼ ሥራቸውን ሲፈልጉ ሁለቱንም ስም አንድ ገጽ ላይ ያገኛሉ። የቱ አባት እንደሚባል ራሳቸው ይፍረዱ።